በህንድ የመንግሥት መምህራን ቅጥር ፈተና፦ አመልካቾች ከመመዝገባቸው በፊት ሊያውቋቸውና ሊዘጋጁባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

መግቢያ

በህንድ አገር በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ መቀጠር፣ ከሥራ ዋስትናው የተነሣ፣ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ጉዳይ ነው። በዚህም ምክንያት ለየክፍት ቦታው የሚወዳደሩት አመልካቾች ቁጥር እጅግ ብዙ ሲሆን፣ በርካታ ወጣቶች ከኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ ያሉትን ዓመታት ለፈተና ዝግጅት ያውላሉ። ከእነዚህ መካከል ከግባቸው ሳይደርሱ የሚቀሩት ሁሉ በዕውቀት ያነሱ አይደሉም። አንዳንዶቹ የያዙት የትምህርት ማስረጃ ለየትኛው የክፍል ደረጃ እንደሚያበቃቸው ሳያረጋግጡ በመዘጋጀታቸው፣ አንዳንዶቹ የብቁነት ፈተና ማለፍን እንደ ቅጥር በመቁጠራቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ፈተናው የሚመዝነውን ነገር በትክክል ባለመረዳታቸው ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ያጣሉ።

ይህ ጽሑፍ ለፈተናው ለሚዘጋጁ፣ እንዲሁም በህንድ በትምህርት ላይ ሆነው አሠራሩን ለማወቅ ለሚፈልጉ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የብቁነት ፈተናና የቅጥር ውድድር የተለያዩ ናቸው

የሥርዓቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ ከኤፕሪል 1 ቀን 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሕፃናት ነፃና ግዴታዊ ትምህርት የማግኘት መብት ሕግ ነው። ሕጉ ከ6 እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆች ትምህርትን መብት ሲያደርግ፣ የሚያስተምሯቸው መምህራን ዝቅተኛ የሙያ መመዘኛ እንዲያሟሉም ደንግጓል። መመዘኛውን የማውጣት ሥልጣን የተሰጠው ብሔራዊ የመምህራን ትምህርት ምክር ቤት ኦገስት 23 ቀን 2010 ባወጣው ማስታወቂያ፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለማስተማር የሚቀጠር ሰው የመምህራን ብቁነት ፈተና ማለፍ እንዳለበት ወስኗል። ፈተናው በአገሩ «ቴት» በሚል አጭር ስያሜ ይታወቃል።

ፈተናው በሁለት እርከን ይሰጣል። ማዕከላዊው ፈተና «ሲቴት» የሚባለው ሲሆን፣ ከ2011 ጀምሮ የሚሰጠው በማዕከላዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቦርድ አማካይነት ነው። የሚያገለግለውም እንደ ኬንድሪያ ቪድያላያና ናቮዳያ ቪድያላያ ላሉ የማዕከላዊ መንግሥት ትምህርት ቤቶችና በማዕከላዊ መንግሥት ሥር ባሉ ግዛቶች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ነው። እንደ ኡታር ፕራዴሽ፣ ራጃስታን፣ ማሃራሽትራ፣ ታሚል ናዱና ኬረላ ያሉ ክልሎች ደግሞ ለራሳቸው ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን ፈተና ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ አመልካቹ አጥብቆ ሊይዘው የሚገባ ነጥብ አለ። የብቁነት ፈተና ማለፍ ለውድድር የመቅረብ መብት ይሰጣል እንጂ ሥራ አይሰጥም። ቅጥር የሚፈጸመው ክፍት ቦታ ሲወጣ፣ ቀጣሪው አካል በሚያወጣው የተለየ ማስታወቂያና በሚሰጠው የተለየ የውድድር ፈተና ነው። ስለዚህ አንድ አመልካች ዝግጅቱን ሲያቅድ ሁለቱንም ደረጃዎች በአንድነት ማሰብ ይኖርበታል።

2. የትምህርት ማስረጃን ከክፍል ደረጃ ጋር ማመሳከር

ከ1ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ለማስተማር በመሠረቱ የሚጠየቀው 12ኛ ክፍልን ቢያንስ በ50 በመቶ ውጤት ማጠናቀቅና የሁለት ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ዲፕሎማ፣ ወይም ለዚሁ ደረጃ የተዘጋጀ የአራት ዓመት ዲግሪ መያዝ ነው። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለማስተማር ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ከመምህርነት ዲፕሎማ ወይም «ቢ.ኤድ» ከሚባለው የትምህርት ባችለር ዲግሪ ጋር ያስፈልጋል። ሌሎች ተቀባይነት ያላቸው አማራጮችም በማስታወቂያዎቹ ላይ በዝርዝር ይወጣሉ።

ይህን ማመሳከር የመጀመሪያው ሥራ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ በቅርብ ዓመታት የተፈጸመው ጉዳይ ያሳያል። ጁን 28 ቀን 2018 በወጣ ማስታወቂያ የቢ.ኤድ ባለዲግሪዎች፣ ከተቀጠሩ በኋላ የስድስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና እንዲወስዱ በማድረግ፣ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ክፍል እንዲያስተምሩ ተፈቅዶ ነበር። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ኦገስት 11 ቀን 2023 በሰጠው ውሳኔ ይህን ፈቃድ ውድቅ አደረገ። የውሳኔው ፍሬ ነገር፣ የቢ.ኤድ ሥልጠና የተቀረጸው ከፍ ላሉ ክፍሎች በመሆኑ፣ ትንንሽ ሕፃናትን ለማስተማር የሚያስፈልገው የተለየ ሙያ በእርሱ ሊተካ አይችልም የሚል ነው። በዚህም ቢ.ኤድ ብቻ ይዘው ለታችኛው ደረጃ ሲዘጋጁ የቆዩ በርካታ አመልካቾች መንገዱ ተዘግቶባቸዋል። ስለዚህ አመልካቹ የቆየ መጽሐፍ ወይም የጓደኛ ምክር ላይ ሳይመሠረት፣ በእጁ ያለው ማስረጃ ለሚፈልገው ክፍል የሚያበቃው መሆኑን ከወቅቱ ማስታወቂያ ማረጋገጥ አለበት። በመምህርነት ሥልጠና የመጨረሻ ዓመት ላይ የሚገኙ ተማሪዎችም ለሲቴት መቀመጥ እንደሚፈቀድላቸው ልብ ይሏል።

በሥራ ላይ ያሉ መምህራንንም የሚመለከት ውሳኔ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 በሰጠው ፍርድ፣ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተቀጠሩና ጡረታ ለመውጣት ከአምስት ዓመት በላይ የቀራቸው መምህራን በሁለት ዓመት ውስጥ የብቁነት ፈተናውን እንዲያልፉ አዟል። ከአምስት ዓመት በታች የቀራቸው በሥራቸው ሊቆዩ የሚችሉ ሲሆን፣ የደረጃ ዕድገት ለማግኘት ግን ፈተናውን ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። በአናሳ ማኅበረሰቦች የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ለሰፊ ችሎት ተመርቷል።

3. የፈተናው ይዘትና የነጥብ ድልድል

ሲቴት ሁለት የፈተና ወረቀቶች አሉት። የመጀመሪያው ከ1ኛ እስከ 5ኛ፣ ሁለተኛው ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለማስተማር ለሚፈልጉ ነው። በሁለቱም ደረጃዎች ለማስተማር የሚፈልግ አመልካች ሁለቱንም ይወስዳል። እያንዳንዱ ወረቀት ምርጫ ያላቸው 150 ጥያቄዎችን የያዘ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ነጥብ ይሰጣል። የተፈቀደው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ይኸውም ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም።

የመጀመሪያው ወረቀት ድልድል የሚከተለው ነው፦

• የሕፃናት ዕድገትና የማስተማር ሥነ ዘዴ፦ 30 ጥያቄዎች
• አንደኛ ቋንቋ፦ 30 ጥያቄዎች
• ሁለተኛ ቋንቋ፦ 30 ጥያቄዎች
• ሒሳብ፦ 30 ጥያቄዎች
• የአካባቢ ጥናት፦ 30 ጥያቄዎች

በሁለተኛው ወረቀት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ተመሳሳይ ሲሆኑ፣ የቀሩት 60 ጥያቄዎች እንደ አመልካቹ ሙያ ከሒሳብና ሳይንስ ወይም ከማኅበራዊ ትምህርት ይወጣሉ። ቋንቋዎቹ ከቀረቡት 20 ቋንቋዎች መካከል የሚመረጡ ሲሆን፣ አንደኛውና ሁለተኛው ቋንቋ የተለያዩ መሆን አለባቸው።

የማለፊያ ውጤት 60 በመቶ፣ ማለትም ከ150 ጥያቄ 90 ነው። በሕገ መንግሥቱ ልዩ ድጋፍ ለሚደረግላቸው ማኅበረሰቦች አባላትና ለአካል ጉዳተኞች ቀጣሪዎች ማሻሻያ ሊያደርጉ ይችላሉ። ፈተናውን ደጋግሞ የመውሰድ ገደብ የለም፤ ያለፈ ሰውም ውጤቱን ለማሻሻል እንደገና ሊቀመጥ ይችላል። የምስክር ወረቀቱ ቀድሞ ለሰባት ዓመት ብቻ የሚያገለግል የነበረ ሲሆን፣ በ2021 በተላለፈ ውሳኔ ከ2011 ጀምሮ የተሰጡትን ጨምሮ ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተደርጓል።

4. ፈተናው በእርግጥ የሚመዝነው ምንድን ነው?

ብዙ አመልካቾች ዝግጅታቸውን የሚጀምሩት የሒሳብ ቀመሮችንና የሳይንስ እውነታዎችን በማጥናት ነው። የነጥብ ድልድሉ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በመጀመሪያው ወረቀት የሕፃናት ዕድገት 30 ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ልጅና ስለ ትምህርት አቀባበሉ ናቸው። ከሌሎቹ አራት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 15 ጥያቄዎች ደግሞ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ይመለከታሉ። ሲደመር 90 ይሆናል፤ ይህም ከማለፊያው ነጥብ ጋር እኩል ነው። በሁለተኛው ወረቀትም ድምሩ 80 ይደርሳል። ስለሆነም ማስተማርን ሳያጠና ትምህርቱን ብቻ ያጠና ሰው ከግማሽ በላይ የሆነውን ፈተና ሳይዘጋጅ ይገባል።

ነጥቡን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪ 32 ሲደመር 49 ስንት እንደሆነ ስትጠየቅ 711 ብላ ጻፈች እንበል። መምህሩ ምን ያድርግ? አንደኛው ምርጫ ስህተት ብሎ ምልክት ማድረግ፣ ሁለተኛው ትክክለኛውን መልስ መንገር፣ ሦስተኛው አሥር ተመሳሳይ ጥያቄ ማዘዝ፣ አራተኛው እንዴት እንዳሰበች እንድታስረዳ መጠየቅ ነው። ልጅቱ 2 እና 9ን ደምራ 11፣ 3 እና 4ን ደምራ 7 አግኝታ ጎን ለጎን ጽፋቸዋለች። መደመር ታውቃለች፤ ያልገባት የአሥር ቤትና የአንድ ቤት ልዩነት ነው። ይህን ሊያውቅ የሚችለው የጠየቃት መምህር ብቻ በመሆኑ፣ ፈተናው የሚጠብቀው አራተኛውን መልስ ነው። በዚህ ዓይነት ጥያቄ የተማሪ ስህተት የሚታየው እንደ ጥፋት ሳይሆን የአስተሳሰቧን መንገድ እንደሚያሳይ ምልክት ነው።

በመርሐ ትምህርቱ በስም የተጠቀሱት ፒያዤ፣ ቪጎትስኪና ኮልበርግ የሚጠኑትም በዚሁ መንፈስ መሆን ይገባዋል። ለምሳሌ ፒያዤ እንዳሳየው፣ አንድ ትንሽ ልጅ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ረጅምና ጠባብ ብርጭቆ የተገለበጠ ውኃ የበዛ ይመስለዋል። ቪጎትስኪ ደግሞ ልጅ ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን በበለጠ ዐዋቂ ድጋፍ ሊሠራ እንደሚችል፣ ትምህርትም በዚህ መካከል እንደሚገኝ አስተምሯል። ኮልበርግ የልጆች የሥነ ምግባር ፍርድ በደረጃ እንደሚያድግ አብራርቷል። ጥያቄዎቹ ብዙውን ጊዜ የሊቃውንቱን ስም ከማስታወስ ይልቅ፣ በክፍል ውስጥ የሚታይን ሁኔታ በሐሳባቸው መተርጎምን ይሻሉ። የአካቶ ትምህርት፣ የተከታታይ ምዘና፣ የቋንቋና የሐሳብ ግንኙነት እንዲሁም የፆታ እኩልነት ጉዳዮችም ተደጋግመው የሚነሡ ናቸው።

5. የአሥራ ሁለት ሳምንት የዝግጅት መርሐ ግብር

የሚከተለው አከፋፈል ሥራ ላይ ሆነውም ሆነ በሙሉ ጊዜ ለሚዘጋጁ አመልካቾች እንደ መነሻ ሊያገለግል ይችላል።

ከ1ኛ እስከ 2ኛ ሳምንት፦ ማስታወቂያውንና መርሐ ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ማንበብ፤ ያለፈ ዓመት አንድ ፈተና በ150 ደቂቃ ሠርቶ ውጤቱን በየክፍሉ መመዝገብ። ከሁሉ ዝቅ ያለው ክፍል የዝግጅቱ መጀመሪያ ይሆናል።

ከ3ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ የሕፃናት ዕድገትንና የማስተማር ሥነ ዘዴን ማጥናት፤ ጎን ለጎንም በብሔራዊ የትምህርት ምርምርና ሥልጠና ምክር ቤት የተዘጋጁትን የየክፍሉን የተማሪ መማሪያ መጻሕፍት ማንበብ። እነዚህ መጻሕፍት ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚገኙ ስለሆኑ፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ማጠቃለያዎችን ለመግዛት ከመቸኮል በፊት እነርሱን መጨረስ ይገባል።

ከ7ኛ እስከ 9ኛ ሳምንት፦ ቋንቋዎቹን ማጠናከር። በየቀኑ አንድ የንባብ ምንባብ በጊዜ ገደብ መሥራት ከረጅም የሰዋስው ጥናት የበለጠ ይጠቅማል፤ ከየቋንቋው ጥያቄዎች ግማሹ በምንባብ ላይ የተመሠረተ ነውና። ለሁለተኛው ወረቀት የሚዘጋጁ የመረጡትን የሙያ ትምህርት በዚህ ጊዜ ይጨርሳሉ።

ከ10ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት፦ በየሳምንቱ ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ የልምምድ ፈተና መሥራት። ከየፈተናው በኋላ የተሳሳቱ ጥያቄዎችን «አላውቀውም ነበር»፣ «ጥያቄውን በትክክል አላነበብሁም» እና «ጊዜ አጠረኝ» በሚሉ ሦስት ምድቦች መለየት ያስፈልጋል። ሦስቱ የተለያየ መፍትሔ ይፈልጋሉና። የመጀመሪያው ወደ መጽሐፍ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ማስተዋልን፣ ሦስተኛው የጊዜ አጠቃቀም ልምምድን ይጠይቃል።

የሥልጠና ማዕከል መግባት ግዴታ አይደለም። ከሦስት ወይም ከአራት የትምህርት ጓደኞች ጋር ተሰብስቦ በየተራ አጭር ትምህርት ማስተማርና እርስ በርስ መተራረም፣ ለፈተናውም ሆነ በኋላ ለሚመጣው የማስተማር ማሳያ ያዘጋጃል።

6. በፈተናው ዕለት

• የመግቢያ ካርድና ፎቶ ያለበት የማንነት ማስረጃ ከዋዜማው ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ በሁለቱ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ አንድ ዓይነት መሆኑም ይረጋገጥ።
• የፈተና ጣቢያው በር የሚዘጋበት ሰዓት በመግቢያ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ አይገባም።
• በማሽን በሚነበብ የመልስ ወረቀት ሲሠራ የመለያ ቁጥርና የፈተናው ኮድ በጥንቃቄ ይጠቆር።
• ለስህተት ነጥብ ስለማይቀነስ ማንኛውም ጥያቄ ባዶ አይተው። በመጀመሪያው ዙር እርግጠኛ የሆኑባቸውን ሠርቶ፣ በሁለተኛው ዙር ወደ ቀሩት መመለስ ይመከራል።

ከፈተናው በኋላ ጊዜያዊ የመልስ ቁልፍ ይወጣል። አንድ መልስ ስህተት ነው ብሎ የሚያምን ተፈታኝ በተወሰነው ቀን ውስጥ ክፍያ ፈጽሞ መቃወም ስለሚችል፣ ማስታወቂያውን መከታተል አለበት።

7. ከብቁነት ፈተናው በኋላ ያለው ውድድር

ቀጣሪዎች የተለያዩ ናቸው። በዴልሂ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅጥር በግዛቱ የሠራተኞች ምልመላ ቦርድ ሲፈጸም፣ ኬንድሪያ ቪድያላያ በአገር አቀፍ ደረጃ ያወዳድራል። በቢሃር ክልል የመንግሥት ሠራተኞች ምልመላ ኮሚሽን በ2023 ብቻ ከ170,000 በላይ ለሚሆኑ የመምህርነት ቦታዎች ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። በአብዛኛዎቹ ውድድሮች ከሙያ ትምህርቱ በተጨማሪ ጠቅላላ ዕውቀት፣ የማመዛዘን ችሎታና የቋንቋ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። በአንዳንዶቹም ቃለ መጠይቅና በክፍል ውስጥ የማስተማር ማሳያ አለ፤ የ2020 ብሔራዊ የትምህርት ፖሊሲም ይህ አሠራር የቅጥር አካል እንዲሆን ይመክራል።

የዕድሜ ጉዳይም አስቀድሞ ይታሰብ። ለሲቴት የዕድሜ ጣሪያ የለም፤ ለቅጥር ግን አለ። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል መሆኑ አመልካቹን እንዳያዘናጋው ያስፈልጋል።

8. ከማጭበርበር መጠንቀቅ

የፈተና ጥያቄ «አስቀድሞ እናገኝልሃለን» ወይም «ቦታ እናስይዝልሃለን» የሚሉ ደላሎች በየጊዜው ይነሣሉ። ኖቬምበር 28 ቀን 2021 ሊሰጥ የነበረው የኡታር ፕራዴሽ የብቁነት ፈተና ጥያቄው በመሾለኩ በዕለቱ ተሰርዞ ወደ ጃንዋሪ 2022 ተላልፏል። በምዕራብ ቤንጋል ደግሞ በ2016 በተካሄደ ምልመላ በተፈጸመ ሰፊ ማጭበርበር ምክንያት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 3 ቀን 2025 የ25,753 መምህራንና ሌሎች ሠራተኞች ቅጥር መሰረዙን አጽንቷል። ከእነዚህ መካከል ምንም ጥፋት ያልተገኘባቸውም ነበሩበት። ጥቂቶች በገንዘብ የገዙት ቦታ በሐቅ የሠሩትን ጭምር ከሥራቸው አፈናቅሏል።

በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሕዝብ ፈተናዎች ሕግ፣ በዝርዝሩ በተካተቱ የማዕከላዊ መንግሥት ፈተናዎች ላይ ማጭበርበር የሚፈጽሙትን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ በተደራጀ መንገድ የሚፈጽሙትን ከአምስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። አመልካቾች ክፍያን በይፋዊው ድረ ገጽ ብቻ ይፈጽሙ፤ ዋና ማስረጃቸውን ለማንም ደላላ አሳልፈው አይስጡ።

9. በህንድ ለሚገኙ ኢትዮጵያውያን

በህንድ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዲግሪ የሚይዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ዲግሪው በራሱ ለህንድ የመንግሥት መምህርነት ቅጥር አያበቃም፤ ቦታዎቹ በመሠረቱ ለህንድ ዜጎች የተመደቡ ናቸውና። በበርካታ የማዕከላዊ መንግሥት የቅጥር ማስታወቂያዎች የዜግነት አንቀጽ ውስጥ ኢትዮጵያ በስም ተጠቅሳ ትገኛለች። ይህ ግን የሚመለከተው ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎች የተዘረዘሩ አገሮች በቋሚነት ለመኖር ወደ ህንድ የተመለሱ የህንድ ተወላጆችን ነው፤ እነርሱም ከህንድ መንግሥት የብቁነት ማረጋገጫ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። አንቀጹን በስህተት ተርጉሞ ለማመልከቻ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ማጠቃለያ

የዝግጅቱ ቅደም ተከተል በአጭሩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ማስረጃንና የክፍል ደረጃን ማመሳከር፤ ቀጥሎ ልጅ እንዴት እንደሚማር በማጥናት የብቁነት ፈተናውን ማለፍ፤ ከዚያም የዕድሜ ጣሪያን በማሰብ ወደ ቅጥር ውድድሩ መግባት። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ አመልካች በመጀመሪያው ሙከራ ባይሳካለት እንኳ ያጠናው አይባክንም። 711 ብላ የምትጽፍ ተማሪ በማንኛውም ትምህርት ቤት ታጋጥመዋለችና፣ በዚያን ጊዜ ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ያውቃል።

ማሳሰቢያ፦ የምዝገባ ቀን፣ የክፍያ መጠንና ዝርዝር መመዘኛዎች በየማስታወቂያው ሊለወጡ ስለሚችሉ፣ አመልካቾች ከመመዝገባቸው በፊት ፈተናውን የሚሰጠው አካል ያወጣውን የወቅቱን ይፋዊ ማስታወቂያ እንዲያነቡ እናሳስባለን።